የኢሜይል መመዝገቢያ ፎርም የት ይቀመጥ? የምጠቀምበት መሣሪያ ግምገማ

ስለ ብስክሌት ጥገና የሚያስተምር ድረ ገጽ አዘጋጃለሁ። ፍሬን እንዴት እንደሚስተካከል፣ ካቴና መቼ እንደሚቀየር፣ የተበሳ ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ እጽፋለሁ፤ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣም ለተመዘገቡ አንባቢዎች በኢሜይል እልካለሁ። ይህ ግምገማ ለዚያ ምዝገባ ስለምጠቀምበት የፎርም መሣሪያ ነው። ስሙን አልጠራውም። የማነሳቸው ጥሩም መጥፎም ነገሮች በዚህ ዓይነት አገልግሎቶች ላይ በብዛት የሚታዩ ናቸውና፣ ሌላ የምትጠቀሙም ብትሆኑ የራሳችሁን ሴቲንግ ከፍታችሁ ማመሳከር ትችላላችሁ።

መሣሪያው ፎርሙን ለማስቀመጥ ብዙ ቦታ ይሰጣል፦ ከገጹ አናት የሚለጠፍ ቀጭን ባር፣ ፖፕአፕ (ገጹን ሸፍኖ በድንገት የሚወጣ ሳጥን)፣ ከጥግ ተንሸራቶ የሚመጣ ሳጥን፣ የጽሑፉ መሃል፣ የጽሑፉ መጨረሻ፣ ሳይድባር (የገጹ ጎን)፣ ፉተር (የገጹ ግርጌ)፣ ለብቻው የቆመ የምዝገባ ገጽ። ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። ብያኔዬን አስቀድሜ ልናገር፦ መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ገና ሲጫን አብሮት የሚመጣው አቀማመጥ ግን መጥፎ ነው። ሴቲንጉን ሳይነካ የተወ ሰው አንባቢውን ያስመርራል፣ ያስመረረውም ለምን እንደሆነ ዳሽቦርዱ (የመሣሪያው ሪፖርት ገጽ) አይነግረውም።

ስለ መለኪያዬም ልግለጽ። ዳሽቦርዱ ከፊት አድርጎ የሚያሳየው ስንት ሰው ኢሜይሉን እንዳስገባ ነው። እኔ የማየው ስንቱ የማረጋገጫ ሊንኩን ከፍቶ ምዝገባውን እንዳጸና፣ ወራት ካለፉ በኋላም ስንቱ አብሮኝ እንዳለ ነው። የተከፈቱ ኢሜይሎችን የሚቆጥረውን ቁጥር ብዙም አላምነውም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ከአይፎኑ ሥርዓት አይኦኤስ 15 ጋር ያወጣው የኢሜይል ግላዊነት ጥበቃ በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን ምስሎች አስቀድሞ ስለሚያወርድ፣ መከፈቱ የሚቆጠረውም ምስል ሲወርድ ስለሆነ፣ ማንም ያላነበበው ኢሜይል እንደተከፈተ ሆኖ ይቆጠራል። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ጎግልና ያሁ በብዛት በሚልኩ ላኪዎች ላይ ደንባቸውን አጥብቀዋል። ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልክ ሰው ተቀባዩ በአንድ ክሊክ ከዝርዝሩ የሚወጣበት መንገድ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል፤ ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት) ተብሎ የሚጠቆመው መጠንም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። 0.3 በመቶ ማለት ከሺህ ሰው ሦስት ነው። ሳያስበው የተመዘገበ ሰው መውጫውን ፈልጎ አይወጣም፤ «ስፓም» የሚለውን ይጫንና ይገላገላል። ስለዚህ ፎርሙ የተቀመጠበት ቦታ ኢሜይሉ የሌሎቹ ኢንቦክስ ውስጥ መድረስ አለመድረሱን ጭምር ይወስናል። ቦታውን አክብጄ የማየው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ቦታ የጽሑፉ መጨረሻ ነው። የኋላ ፍሬን ስለ ማስተካከል የጻፍኩትን ልውሰድ። አንባቢው ጎማው መሃል ላይ መሆኑን አይቷል፣ የካቦውን ብሎን አላልቶ ካቦውን ስቧል፣ መልሶ አጥብቋል፣ የፍሬኑ ጎማዎች ከቸርኬው በእኩል ርቀት ላይ እንዲቆሙ አድርጓል፣ እጀታውን ጨብጦ ፍሬኑ ሲይዝ አይቷል። በዚያች ደቂቃ ጽሑፉ እንደጠቀመው ለማወቅ የማንም ማስረጃ አያስፈልገውም። ፎርሙ ከመጨረሻው መስመር ሥር ሆኖ «ቀጥሎ የማርሽ ካቦ ስለ ማስተካከል እጽፋለሁ፤ ሲወጣ ልላክልዎት?» ሲለው፣ ጥያቄው ከያዘው ሥራ የተቀጠለ ነው። እሺ ያለም እንቢ ያለም አውቆ ነው።

እዚህ ላይ የመሣሪያው ትልቁ ብርታት አለ። ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ዘርፍ የተለየ ፎርም ማሰር ይቻላል። የፍሬን ጽሑፎች ሥር ያለው ፎርም ስለ ፍሬንና ካቦ ይናገራል፤ የጎማ ጽሑፎች ሥር ያለው ስለ ጎማ። የተመዘገበው ሰው ከየትኛው እንደመጣም ምልክት ይያዝለታል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ኢሜይል የመጣበትን ጉዳይ አስታውሶ ይጀምራል። «ለአዳዲስ መረጃዎች ይመዝገቡ» የሚለው ሁሉም ቦታ የተለጠፈ ዓረፍተ ነገር ምንም ቃል አይገባም፤ ሰውም ምን እንደሚደርሰው ሳያውቅ ኢሜይሉን አይሰጥም። እንዲህ ዘርፍ ለይቶ ፎርም የሚያስር አገልግሎት ካገኛችሁ፣ ሌላው ጉድለቱ ብዙ ቢሆን እንኳ ታገሡት።

ጉድለቱ ግን አለ። «የጽሑፍ መጨረሻ» የሚለውን ስትመርጡ መሣሪያው ፎርሙን የሚያስቀምጠው የገጹ መጨረሻ ላይ ነው፦ ከማጋሪያ በተኖቹ፣ ስለ ጸሐፊው ከሚገልጸው ሳጥንና «ይህንንም ያንብቡ» ከሚሉት ጽሑፎች በታች። ማንም ሰው እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ቢወርድም ሐሳቡ ከፍሬኑ ሸሽቷል። ፎርሙን በኮድ ቁራጭ አድርጋችሁ ከመጨረሻው አንቀጽ ቀጥሎ በእጃችሁ አስገቡት። አሰልቺ ነው፣ በተለይ የቆዩ ብዙ ጽሑፎች ላሉት ሰው። ብዙ በሚነበቡት ጀምሩ።

«ሰው እስከ መጨረሻ አያነብም፣ ስለዚህ ከላይ አስቀምጠው» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይገጥመኛል። መነሻው እውነት ነው። የድረ ገጽ አጠቃቀምን የሚያጠናው ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት፣ ሰዎች አንድን ገጽ በሚያዩበት ጊዜ 57 በመቶው ስክሮል ሳያደርጉ በሚታየው የላይኛው ክፍል ላይ የሚውል ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስክሪኖች አንድ ላይ ብንይዝ 74 በመቶ ይሆናል። ድምዳሜው ላይ ግን አልስማማም። ከላይ ብዙ ዓይን አለ፣ ያ ዓይን ግን ገና ምንም አላገኘም። የመጣው «ፍሬኔ ለምን ይጮሃል?» ብሎ ነው፤ መልሱን ሳይሰማ ኢሜይሉን ስትጠይቁት ጥያቄውን ወደ ጎን ትተውበታላችሁ። እስከ መጨረሻ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው፣ ኢሜይል ልልክላቸው የምፈልጋቸውም እነሱው ናቸው።

የጽሑፉ መሃል ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፣ ከተጠነቀቃችሁ ብቻ። መሣሪያው «ከዚህኛው አንቀጽ በኋላ አስገባ» የሚል አውቶማቲክ ምርጫ አለው። አንቀጽ ይቆጥራል፣ ሐሳብ አይቆጥርም። የእኔ ጽሑፎች ደረጃ በደረጃ የሚሄዱ ስለሆኑ ፎርሙ «ካቦውን በአንድ እጅ ወጥራችሁ ያዙ» እና «በሌላው እጅ ብሎኑን አጥብቁ» በሚሉት መካከል ገብቶ አገኘሁት። አንባቢው ካቦውን ወጥሮ እንደያዘ ኢሜይሉን ሲጠየቅ አስቡት። አውቶማቲኩን አጥፍቼ መሃል ላይ የማስቀምጠው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ጽሑፉ ራሱ በኢሜይል የሚላክ ነገር ሲጠቅስ። ለምሳሌ ካቴና ስለ መፈተሽ በጻፍኩት ላይ አትሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የፍተሻ ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ በተጠቀሰበት አንቀጽ ሥር አጭር ፎርም ይከተላል፤ ኢሜይሉን ያስገባ ዝርዝሩ ይላክለታል፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፎቼም እንደሚደርሱት እዚያው በግልጽ ተጽፏል። ይህን ሁለተኛውን መስመር ደብቆ ዝርዝሩን ብቻ የሚያሳይ ፎርም ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ፖፕአፑ ልምጣ፤ ረዘም ያለ ጊዜ የምሰጠው ጉዳቱ ስለሚከብድ ነው። መሣሪያው ሲጫን ፖፕአፑ በርቶ ነው የሚመጣው፣ ገጹ ተከፍቶ አምስት ሰከንድ ሲሞላም ይወጣል። የእኔ አንባቢ ስልኩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ጣቶቹ ግራሶ ነክተው፣ ሁለተኛውን ደረጃ እያነበበ ነው። ስክሪኑ በድንገት ጠቆር ይልና መሃሉ ላይ ነጭ ሳጥን ይመጣል። የኢሜይል መጻፊያው ራሱ ስለሚመረጥ ኪቦርዱ ተነሥቶ የታችኛውን ግማሽ ይሸፍናል። መዝጊያዋ «ኤክስ» ከቀኝ ጥግ ላይ፣ ግራጫ ሆና፣ ከጣት ጫፍ ታንሳለች። ሲስታት ከሥሯ ያለውን ምስል ይነካና ፎርሙ የተጫነ መስሎ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ ሰው ጽሑፉን ትቶ ይሄዳል፤ ባይሄድ ይገርመኛል።

የድር ተደራሽነት መመሪያው ደብሊውካግ 2.2፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል እንዲሆን፣ አለዚያም በዙሪያው በቂ ክፍተት እንዲኖረው ይጠይቃል። አፕል በመሣሪያዎቹ ላይ ለሚሠሩ መተግበሪያዎች የሚመክረው 44 በ44 ነጥብ ነው። የመሣሪያውን መዝጊያ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ወደ 44 አሳድጌ ቀለሙን አጥቁሬዋለሁ። በኪቦርድ ብቻ ለሚጠቀሙ ሰዎች «ኢስኬፕ» ሲጫኑ ሳጥኑ መዘጋት አለበት፤ ይህ በመሣሪያው ላይ በትክክል ይሠራል፣ ሊመሰገን ይገባዋል።

ጎግልም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ከጃንዋሪ 10 ቀን 2017 ጀምሮ፣ ከፍለጋ ወደ ስልክ ገጽ የሚመጣውን ሰው ይዘቱን በሚሸፍን ፖፕአፕ የሚቀበል ገጽ በፍለጋ ውጤት ዝቅ ሊል እንደሚችል አስታውቋል። በሕግ የሚጠየቁ ማሳወቂያዎችና የስክሪኑን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚይዙ ባሮች አይመለከታቸውም። የፖፕአፕ ማስታወቂያን የመጀመሪያ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጻፈው ኢታን ዙከርማን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ይቅርታ ጠይቋል፤ ሐሳቡ ክፉ እንዳልነበረ ገልጾ። ፎርም የሚሸጡ ድርጅቶች ይህን ሁሉ እያወቁ ዲፎልቱን (ሲጫን አብሮ የሚመጣውን አቀማመጥ) አለመቀየራቸው ያሳዝነኛል።

«ሲወጣ ያዘው» የሚሉት ዓይነትም አለ። ኮምፒዩተር ላይ ማውሱ ወደ ታቡ መዝጊያ ሲያመራ ፖፕአፑ ይወጣል። ስልክ ላይ ማውስ ስለሌለ መሣሪያው የሚገምተው በፍጥነት ወደ ላይ ስክሮል ሲደረግ ነው። በእኔ ገጽ ላይ በፍጥነት ወደ ላይ የሚመለሰው ማን ነው? የሚያስፈልጉት ቁልፎች ዝርዝር ከላይ ስላለ፣ «ስንት ቁጥር ነበር?» ብሎ ሊያይ የሚመለስ አንባቢ ነው። ሊሄድ ያለውን ሳይሆን ሥራ ላይ ያለውን ሰው ይይዘዋል ማለት ነው። የምግብ አሠራር የሚጽፍ፣ የስፌት ልክ የሚያስተምር፣ ማንኛውም አንባቢው ወደ ላይ የሚመላለስበት ገጽ ያለው ሰው ይህን ያጥፋው።

የእምቢታ በተኑ ላይ አብሮ የመጣው ጽሑፍ ደግሞ «አይ፣ መማር አልፈልግም» የሚል ነበር። ሰውን አሳፍሮ ማስመዝገብ ነው። «አሁን አይደለም» ብላችሁ ቀይሩት። ፖፕአፕ የግድ ካስፈለጋችሁ ከጥግ የሚመጣውን ትንሽ ሳጥን ምረጡ፣ የጽሑፉ አብዛኛው ከተነበበ በኋላ ይውጣ፣ አንዴ የዘጋው ሰው ለረጅም ጊዜ ዳግም አይየው። የኩኪ (ድረ ገጽ በጎብኚው መሣሪያ ላይ የሚያስቀምጠው መረጃ) ማሳወቂያ ያለው ገጽ ላይ ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደራረቡም በስልክ ከፍታችሁ እዩ፤ መሣሪያው በራሱ አይጠነቀቅም።

የአናቱ ባር ሳይጠበቅ ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ መስመር ነው፣ ማንበብ አያቋርጥም፣ የሚፈልገው ይጫነዋል። ችግሩ ዘግይቶ መጫኑ ነው። ገጹ ከታየ በኋላ ባሩ ሲደርስ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሊንክ ሊነካ ጣቱን የዘረጋ ሰው ሌላ ነገር ይነካል። ጎግል ይህን መንሸራተት ይለካዋል፣ ጥሩ የሚባለው ነጥብም 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለባሩ የሚሆን ቁመት ከመጀመሪያው ባዶ አድርጎ መያዝ። መሣሪያው ይህን ምርጫ አለው፤ «የላቁ ሴቲንጎች» ውስጥ ቀብረውታል እንጂ። ባሩ ስክሮል ሲደረግ አብሮ እንዳይወርድም አድርጉ፣ ስልኩ በጎን ሲዞር የስክሪኑን ብዙ ክፍል ስለሚበላ።

ሳይድባሩን አልመክርም። ኮምፒዩተር ላይ ዓይን ማስታወቂያ የሚመስለውን ጎን መዝለል ለምዷል፤ ተመራማሪዎች ይህን ባሕርይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ መዝግበውታል። ስልክ ላይ ደግሞ ሳይድባር የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ከጽሑፉ በታች ይወርዳል። ፉተሩ ግን ይኑር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም «መመዝገቢያው የት ነው?» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፣ እንዲህ ፈልጎ የመጣ ሰውም ይቆያል።

ለብቻው የቆመው የምዝገባ ገጽ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ሊንኩን በማኅበራዊ ሚዲያ መግለጫችሁ ላይ፣ በኢሜይላችሁ ፊርማ ሥር፣ በቪዲዮ መግለጫ ውስጥ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። የእኔ ገጽ ላይ ከፎርሙ በላይ ያለው ባለፈው የላክሁት ኢሜይል ነው፣ ሙሉውን፣ ከነምስሉ። ሰው ምን እንደሚደርሰው አይቶ ይወስናል። በምን ያህል ጊዜ እንደምልክም ተጽፏል። ከዚህ ገጽ የመጡት ሰዎች ከማንኛውም ቦታ ከመጡት ይልቅ ይጸናሉ፤ ለኢሜይሎቼ መልስ የሚጽፉልኝም በብዛት እነሱ ናቸው። የመሣሪያው የገጽ ማዘጋጃ ያለፈ ኢሜይል ማስገቢያ ስለሌለው በእጄ ገልብጬ ነው የማስገባው።

ስለ ፎርሙ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ቦታው ቢያምር ፎርሙ ካስቸገረ ዋጋ የለውም። አንድ ሳጥን ይበቃል፣ ኢሜይል ብቻ። ስምና ስልክ መጠየቅ ይቅር። ሳጥኑ በኤችቲኤምኤል (ገጹ በተጻፈበት ኮድ) የኢሜይል ዓይነት ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ያኔ የስልኩ ኪቦርድ ገና ሲከፈት «@» ምልክቱን ያመጣል፣ ስልኩም የተቀመጠውን አድራሻ በራሱ ይሞላል። የሳጥኑ ፊደል ከ16 ፒክሰል ካነሰ አይፎን ላይ ገጹ በራሱ ይጎላና አንባቢው መልሶ ማሳነስ ይኖርበታል። የመሣሪያው ዲፎልት 14 ነበር። «ኢሜይል» የሚለው ጽሑፍም ከሳጥኑ ውጭ ይሁን፤ ውስጡ ሲሆን መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል። ሰውየው ከተመዘገበ በኋላ ወደ ሌላ ገጽ አትውሰዱት፣ ምስጋናው እዚያው ፎርሙ በነበረበት ይታይ፣ ሲያነብ የነበረውን ይቀጥል። የማረጋገጫ ኢሜይሉን አታጥፉ፤ በተሳሳተ አድራሻና በሰው ስም የሚደረግን ምዝገባ የሚያስቀረው እሱ ነው።

ጥያቄ መላኪያ ገጽ ላይ «ኢሜይልም ላክልኝ» የሚል ትንሽ ሳጥን ማስቀመጥ ይቻላል። መሣሪያው ሳጥኑን ምልክት አድርጎበት ነው የሚያቀርበው። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 1 ቀን 2019 በፕላኔት49 ጉዳይ፣ ነገሩ ስለ ኩኪ ቢሆንም፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ እንደማይባል ወስኗል። አንባቢዎቼ ከየትም ስለሆኑ ባዶ አድርጌዋለሁ። ሕጉ ባይኖርም ባዶ አደርገው ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ የሪፖርቱ ነገር ነው። ዳሽቦርዱ ፖፕአፑን አንደኛ አድርጎ በአረንጓዴ ያሳየዋል፣ ኢሜይል ያስገባውን ብቻ ስለሚቆጥር። ከየትኛው ቦታ የመጣው ሰው እንደጸና ማየት ከፍ ባለው ፓኬጅ ብቻ የሚገኝ ነው። ያለሱም ይቻላል፦ በእያንዳንዱ ፎርም ውስጥ የማይታይ ሳጥን አስገብታችሁ የቦታውን ስም ጻፉበት፣ «መጨረሻ-ፍሬን»፣ «ባር»፣ «ፉተር» እያላችሁ። ከወራት በኋላ የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር አውርዳችሁ በስፕሬድሺት ለዩት። እኔ ሳየው ፖፕአፑ በምዝገባ አንደኛ፣ በመቆየት መጨረሻ ነበር።

አንድ ሴቲንግ ሳልጠቅስ አልዘጋም። ከኢሜይላችሁ ሊንክ ተጭኖ የመጣ ሰው ተመዝጋቢ ነው፤ እንደገና ተመዝገብ መባል የለበትም። መሣሪያው በኢሜይል ሊንኮች ላይ ምልክት ጨምሮ ለእነዚህ ሰዎች ፎርሞችን በሙሉ መደበቅ ይችላል፣ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ «ታዳሚ» በሚለው ሥር መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን የእኔ ገጽ ላይ የቀሩት የጽሑፍ መጨረሻው ፎርም፣ የፍተሻ ዝርዝሩ፣ ባሩ፣ ፉተሩና የምዝገባ ገጹ ናቸው። ብዙ የሚነበቡ ጽሑፎች ላሉትና ፎርሙን በእጁ ለማስገባት ለማይሰንፍ ሰው መሣሪያውን እመክራለሁ። ጭኖ መተው ለሚፈልግ ግን አልመክርም፤ እሱ ከፉተር ፎርምና ከአንድ የምዝገባ ገጽ ውጭ ምንም የማይሰጥ ቀላል አገልግሎት ቢይዝ አንባቢዎቹ ይጠቀማሉ።